«ለጊዜው» የሚለው ቃል ክብደት፦ የትዳር ጓደኛን ሥራ ተከትሎ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚደረግ ዝግጅት

መግቢያ

ከባልና ሚስት አንዱ በውጭ አገር ለተወሰነ ዓመት የሚቆይ ሥራ ሲያገኝ በቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ደስታ ነው። ዘመድ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል፤ ጎረቤት ይመርቃል። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ቪዛ፣ ስለ ሻንጣና ስለ ክረምት ልብስ ይሆናል። አብሮ የሚሄደው ሰው የራሱ ሥራ፣ የራሱ ጡረታና የራሱ ሙያ ምን እንደሚሆን ግን እምብዛም አይጠየቅም። ከተጠየቀም መልሱ በአንድ ቃል ያልቃል፦ «ለጊዜው ነው»።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የአቅራቢዋ የራሷ ገጠመኝ ነው። ባለቤቴ በውጭ አገር ለሁለት ዓመት የሚሠራበት ውል ሲፈርም፣ እኔ በቀን በአንድ የግል ድርጅት እየሠራሁ በማታው መርሐ ግብር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እከታተል ነበር። ለአለቃዬ ጉዳዩን ባስረዳሁ ጊዜ ያገኘሁት መልስ «መልቀቂያሽን አስገቢ» የሚል ነበር። ደብዳቤውን ጽፌ ቀኑን ብቻ ባዶ ትቼው ሳለ፣ ለጥናታዊ ጽሑፌ የማነበው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሌላ መንገድ እንዳለ አሳየኝ። ሁለት ዓመት ለትዳር አጭር ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ በመልቀቂያ ደብዳቤ ለተቋረጠ ሙያ ግን ረጅም ነው።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። የአንድ ቆይታ ጊዜያዊነት የሚረጋገጠው በምኞት አይደለም፤ ከመነሻው በፊት በተጻፉ ሰነዶች ነው። ስለዚህ የመሄድ ዝግጅት በአብዛኛው የመመለስ ዝግጅት ነው። ይህን ለማስረዳት አምስት ጉዳዮች በቅደም ተከተል ይታያሉ፦ በአገር ውስጥ ያለው የሥራ ውልና ጡረታ፣ በመዳረሻው አገር ያለው የመሥራት መብት፣ የቤተሰብ ሰነዶች፣ ንብረትና ውክልና፣ እንዲሁም በባልና ሚስት መካከል የሚደረገው ስምምነት። ለአገላለጽ ምቾት ሥራውን ያገኘው ሰው «ተመዳቢ»፣ አብሮ የሚሄደው ደግሞ «ተከታይ» ይባላሉ። ተከታይ ሚስትም ባልም ሊሆን ይችላል።

1. የሥራ ውል፦ ማቋረጥና ማገድ

ተከታዩ ተቀጣሪ ከሆነ በፊቱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሥራውን መልቀቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በራሱ ፈቃድ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ይህ ቀላልና የተለመደ መንገድ ነው፤ ውጤቱ ግን ፍጹም ነው። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ አሠሪው የቀድሞ ሠራተኛውን መልሶ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ተመላሹ እንደማንኛውም አመልካች ማስታወቂያ ጠብቆ ይወዳደራል።

ሁለተኛው መንገድ በብዙዎች ዘንድ አይታወቅም። ይኸው አዋጅ ከሥራ ውል የሚመነጩ መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው የሚታገዱባቸውን ምክንያቶች በአንቀጽ 18 ይዘረዝራል። ከነዚህ አንዱ ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው የሚሰጠው ያለ ክፍያ ፈቃድ ነው። በእገዳው ጊዜ ሠራተኛው አይሠራም፤ አሠሪው ደመወዝ አይከፍልም። ውሉ ግን አልሞተም። የእገዳው ጊዜ ሲያበቃ ሠራተኛው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ አሠሪውም ሪፖርት ያደረገውን ሠራተኛ ወደ ሥራው መመለስ አለበት። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ሕጋዊ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ስሕተት መወገድ አለበት። አዋጁ ሠራተኛው እንደ መብት የሚያገኘውን ያለ ክፍያ ፈቃድም ይደነግጋል፤ ይህኛው ግን ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት የሚሰጥ አጭር ፈቃድ ነው። ለዓመታት የሚቆየው ፈቃድ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። አሠሪው «አይሆንም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ልመና ሳይሆን ድርጅቱ የሚጠቀምበት ሐሳብ ሆኖ መቅረብ ይገባዋል፤ ሥራውን ማን እንደሚሸፍን፣ ርክክቡ እንዴት እንደሚፈጸም፣ ተመላሹ ምን አዲስ ልምድ ይዞ እንደሚመጣ የሚያስረዳ አንድ ገጽ በቂ ነው። የፈቃዱ ደብዳቤ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን መጠሪያና የመመለሻውን ሁኔታ በግልጽ መያዝ አለበት። የቃል ተስፋ የሰጠ ኃላፊ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊቀየር ይችላል፤ በማኅደር የተቀመጠ ደብዳቤ ግን ከኃላፊው ጋር አይሄድም።

የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ የሚገዙበት የራሳቸው ሕግና መመሪያ አለ። እነርሱም ቢሆኑ ከመልቀቂያ በፊት የመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ሀብት ክፍል ስለ ያለ ደመወዝ ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ማግኘት ይኖርባቸዋል።

ፈቃዱ ቢገኝም ባይገኝም፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሳይወሰድ መሄድ አይገባም። አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማስረጃው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ አንዱ ለመመለሻ፣ ሌላው ለመዳረሻ ያገለግላል።

2. የማይታየው ኪሳራ፦ ጡረታ

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014፣ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ይመራል። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ገቢ ይሆናል። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ በዕድሜ ምክንያት የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል።

ደመወዝ በማይከፈልበት ጊዜ መዋጮም አይኖርም። አንዲት በወር 20,000 ብር የምታገኝ የሒሳብ ባለሙያ ብንወስድ፣ በየወሩ በስሟ ገቢ ይሆን የነበረው 3,600 ብር ነው። በሁለት ዓመት ይህ 86,400 ብር ይደርሳል። ከዚህ ገንዘብ የሚበልጠው ግን የአገልግሎት ዘመኗ ነው። ስምንት ዓመት ሠርታ የሄደች ሠራተኛ ካልተመለሰች 10 ዓመቱን ሳትሞላ ትቀራለች፤ ከተመለሰች ግን የጎደላት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በመሆኑም ከመሄድ በፊት የጡረታ መለያ ቁጥርን መያዝ፣ መዋጮው በስም በትክክል ገቢ መሆኑን ማጣራትና የቀድሞ አሠሪዎች የአገልግሎት ማስረጃ በማኅደር ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የጠፋ ማስረጃን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ድርጅቱ ተዘግቶ ወይም አድራሻ ቀይሮ ሲገኝ፣ ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው።

የሙያ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ሙያተኞችም፣ ለምሳሌ የጤና ባለሙያዎች፣ የፈቃዳቸው ማደሻ ቀን በቆይታቸው መካከል የሚውል መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ማየት አለባቸው።

3. በመዳረሻው አገር የመሥራት መብት

ተከታዩ በሚሄድበት አገር መሥራት መቻሉ የሚወሰነው በራሱ ችሎታ ሳይሆን በመጀመሪያ በተመዳቢው ቪዛ ዓይነት ነው። ሁለት ባልንጀሮች ወደ አንድ ከተማ ቢሄዱ፣ አንዷ መሥራት ተፈቅዶላት ሌላዋ ሊከለከሉባት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ምሳሌዎች ልዩነቱን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ምሳሌ አሜሪካ ነው። ለትምህርት በኤፍ-1 ቪዛ የሄደ ሰው የትዳር ጓደኛ ኤፍ-2 ይሰጠዋል፤ በኤፍ-2 መሥራት አይፈቀድም። ለምርምር፣ ለማስተማር ወይም ለልውውጥ በጄ-1 ቪዛ የሄደ ሰው የትዳር ጓደኛ ግን ጄ-2 ይዞ ከገባ በኋላ ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን አገልግሎት የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችላል፤ ፈቃዱ በእጁ ሳይገባ መጀመር ግን አይችልም። ገቢውም ተመዳቢውን ለመደጎም የሚውል መሆን የለበትም። ድርጅቱ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ያዛወረው ሠራተኛ የትዳር ጓደኛ ኤል-2 የሚያገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ጀምሮ የመሥራት መብቱ ከቪዛው ጋር አብሮ የሚመጣ ሆኗል።

ጄ ቪዛ ሌላም ገጽታ አለው። ወጪው በመንግሥት የተሸፈነ ወይም በተወሰኑ የሙያ ዘርፎች የተመደበ የጄ-1 ባለቤት ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ የመቀመጥ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። ግዴታው በጄ-2 የተከተለውንም ሰው ያስራል። ሁለቱ ዓመታት ሳይጠናቀቁ ወይም ግዴታው በይፋ ሳይነሣ የኤች ወይም የኤል ቪዛ፣ ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ተከታዩ ሰው በቪዛው ላይ የተጻፈውን ማስታወሻ ራሱ ማንበብ አለበት፤ የራሱን የወደፊት ዕቅድ የሚነካ ጉዳይ ነውና። ለጄ ቪዛ ባለቤቶችና ለተከታዮቻቸው የጤና መድን ግዴታ ነው፤ ለእያንዳንዱ አደጋ ወይም ሕመም ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን መሆን አለበት። የዚህ መድን ክፍያ በቤተሰብ በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው ካልተያዘ፣ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሳይታሰብ ይጎድላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ጀርመን ነው። በዚያ አገር በቤተሰብ መገናኘት ምክንያት የመኖሪያ ፈቃድ የተሰጠው የትዳር ጓደኛ መሥራት ይችላል። መሰናክሉ የሚቀድመው ቪዛ ላይ ነው፤ በመደበኛው ሁኔታ ተከታዩ ከመሄዱ በፊት የኤ1 ደረጃ ጀርመንኛ ማወቁን ማሳየት አለበት። ተመዳቢው የአውሮፓ ኅብረት ሰማያዊ ካርድ ያለው ባለሙያ ሲሆን ይህ ግዴታ ይነሣል። ፈተናው በአዲስ አበባ በሚገኘው የጎተ ተቋም ይሰጣል። ቋንቋው ባይጠየቅም መማሩ ይጠቅማል፤ የመሥራት መብት በወረቀት መኖሩና አሠሪ ፊት ቀርቦ መናገር መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በሌላ በኩል በሕግ በተደነገገው የጀርመን የጤና መድን ውስጥ ያለ ሠራተኛ፣ ገቢ የሌለውን ወይም አነስተኛ ገቢ ያለውን የትዳር ጓደኛና ልጆቹን ያለ ተጨማሪ መዋጮ ያስመዘግባል።

ሦስተኛው ምሳሌ የዲፕሎማት ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የዲፕሎማቲክ ግንኙነት የቪየና ስምምነት ለዲፕሎማቱ የቤተሰብ አባላት ልዩ መብትና ጥበቃ ይሰጣል። መሥራት መቻል ግን ከዚህ ጥበቃ የሚመነጭ አይደለም፤ በአብዛኛው በሁለት አገሮች መካከል በተደረገ ስምምነት ወይም በእንካ ለእንካ አሠራር የሚወሰን ነው። በመሆኑም ጥያቄው ከመነሻው በፊት ለላኪው መሥሪያ ቤት መቅረብ ይኖርበታል።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው፣ ተመዳቢው ውሉን ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ለቀጣሪው ማቅረብ እንዳለበት ነው፦ «የትዳር ጓደኛዬ የሚሰጠው ቪዛ ምን ዓይነት ነው? መሥራትስ ይፈቅድለታል?» ከፊርማ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ መረጃ ብቻ ያስገኛል፤ ከፊርማ በፊት የሚቀርብ ጥያቄ ግን ለመደራደር ያበቃል።

4. የቤተሰብ ሰነዶች፣ ስምና የዘመን አቆጣጠር

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል መሠረት የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን በእኩል ያውቃል። ለኤምባሲ ግን የሽማግሌ ምስክርነትም ሆነ የሰርግ ቪዲዮ ጋብቻን አያስረዳም፤ የሚፈለገው የጋብቻ ምዝገባ የምስክር ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ብዙ ባለትዳሮች ጋብቻቸውን ፈጽመው ምዝገባውን ሳያከናውኑ ይኖራሉ። ለእነዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወደ ወረዳ ወይም ወደ ቀበሌ ሄዶ ጋብቻውንና የልጆችን ልደት ማስመዝገብ ነው።

የምስክር ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ የማረጋገጫው ሰንሰለት ይቀጥላል። ሰነዱ እንደ አስፈላጊነቱ በሕጋዊ የትርጉም ቤት ይተረጎማል፣ በሚመለከተው አካል ይረጋገጣል፣ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያርፍበታል፤ በመጨረሻም የመዳረሻው አገር ኤምባሲ የራሱን ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። የትምህርት ማስረጃ ደግሞ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከመቅረቡ በፊት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መረጋገጥ አለበት። ተከታዩ «እኔ ሥራ ፍለጋ አልሄድም» ብሎ ዲግሪውን ሳያረጋግጥ ከሄደ፣ በዚያ አገር ያገኘው ዕድል በአንድ ማኅተም ምክንያት ሊያመልጠው ይችላል።

የእኛ የስም ሥርዓት ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አባት ዳዊት ኃይሉ፣ እናት ሣራ መኮንን፣ ልጅ ናትናኤል ዳዊት ቢባሉ፣ በእኛ ዘንድ ቤተሰብነታቸው አያጠራጥርም። የቤተሰብ ስም በሚጠቀም አገር ግን ሦስቱ ሰዎች ሦስት የተለያዩ የመጨረሻ ስሞች ያሏቸው እንግዶች ይመስላሉ። እናት ልጇን ብቻዋን ይዛ ድንበር ስትሻገር፣ ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ ወይም ሐኪም ቤት ስትወስድ የልደት የምስክር ወረቀቱ በእጇ መኖር የሚገባው ለዚህ ነው። ከዚህ ሌላ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በፓስፖርት በአንድ መልክ፣ በዲግሪ በሌላ መልክ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ቢሆንም፣ ባዕድ ጸሐፊ ሁለት ሰው አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልዩነት ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት መታረም ወይም በይፋ ደብዳቤ መገለጽ አለበት።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ እ.ኤ.አ. በ2020 የተፈጸመ ነው። ተርጓሚው በሰባት ደምሮ 2019 ብሎ ቢጽፍ፣ በቪዛ ማመልከቻው ላይ ከሞላነው ቀን ጋር ይጋጫል፤ የተጋጨ ቀን ደግሞ ጥርጣሬ ይወልዳል። ስለዚህ ትርጉሙን ከመቀበል በፊት እያንዳንዱን ቀን በራስ መቁጠር ያስፈልጋል።

5. ንብረት፣ ውክልናና ማኅበራዊ ግዴታ

ቤት፣ መኪና ወይም የባንክ ሒሳብ ትቶ የሚሄድ ቤተሰብ ወኪል ያስፈልገዋል። በተለምዶ «ጠቅላላ ውክልና» ሁሉንም የሚያስችል ይመስላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንዲፈጽም ያስችላል ይላል፤ ኪራይ መሰብሰብና ዕዳ መክፈል በዚህ ይካተታሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝን የመሰሉ ተግባራት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ይህ ልዩነት በሁለት በኩል ይጠቅማል፤ ወኪሉ ማድረግ ያለበትን እንዳያጣ፣ ማድረግ የሌለበትንም እንዳያደርግ ነው። ውክልናው በተለምዶ ውልና ማስረጃ በሚባለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ከመነሻው በፊት ቢፈጸም ይሻላል። ከውጭ አገር በኤምባሲ በኩል መስጠት ቢቻልም፣ ሰነዱ ወደ አገር ቤት ተልኮ እንደገና እስኪረጋገጥ ድረስ ጊዜ ይወስዳል።

የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም ለማከራየት የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ተከታዩም ተመዳቢውም በስማቸው በየበኩላቸው መወከል አለባቸው፤ አንዱ ብቻ የሰጠው ውክልና በግማሽ መንገድ ይቆማል።

በሕግ ያልተጻፉ ግዴታዎችም አሉ። እድር መዋጮው ለተወሰኑ ወራት ሲቋረጥ ከአባልነት ይሰርዛል፤ የስንት ወር እንደሆነ በየእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ይገኛል። አረጋዊ ወላጅ ያለው ሰው የእድሩን ክፍያ ለማን አደራ እንደሚሰጥ ሳይወስን መሄድ የለበትም፤ ችግር በደረሰ ዕለት ድንኳኑና ሰው የሚመጡት በዚያ መዋጮ ነውና። ዕቁብ የገባ ሰው ዕጣው ሳይወጣለት ከሄደ፣ ቀሪውን የሚጥልለትንና ዕጣው ሲወጣ የሚቀበልለትን ሰው ዳኛው ባሉበት ማሳወቅ አለበት። የቤት ቁጠባ ያለውም ወርኃዊ ክፍያው እንዳይቋረጥ ከባንኩ ጋር ቋሚ የማስተላለፊያ ትእዛዝ መፈራረም ይችላል። የፋይዳ መታወቂያ ለባንክና ለሌሎች አገልግሎቶች እየተጠየቀ በመምጣቱ፣ ያልተመዘገበ ሰው አሻራውን ሰጥቶ ቢሄድ ከርቀት ከመቸገር ይድናል።

6. በባልና ሚስት መካከል የሚደረግ ስምምነት

ከላይ የተዘረዘሩት ጉዳዮች ሁሉ በአንድ ውይይት ላይ ያርፋሉ። የቤተሰብ ሕጉ ተጋቢዎች በቤተሰብ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው፣ የሚኖሩበትንም ስፍራ በስምምነት እንደሚወስኑ ይደነግጋል። በትዳር ውስጥ እያንዳንዳቸው በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ ተመዳቢው በውጭ የሚያገኘው ደመወዝ የጋራ ከሆነ፣ ተከታዩ የሚያጣው ደመወዝም የጋራ ኪሳራ ነው። በአንዱ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።

ይህን በተግባር ለመተርጎም ሦስት ጥያቄዎች ከመነሻው በፊት በቁጥርና በቀን ቢመለሱ ይረዳል። አንደኛው፣ ተከታዩ በራሱ ስም የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ በየወሩ ስንት ይሆናል? በየዕለቱ ለትራንስፖርት እጁን የሚዘረጋ ሰው፣ ትናንት የራሱን ደመወዝ የሚቀበል ባለሙያ እንደነበር ለራሱም ይጠፋዋል። ሁለተኛው፣ ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብ የት ይቀመጣል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ብቻ የተቀመጠ የቲኬት ገንዘብ እንዲህ ባለ ጊዜ ግማሽ ቲኬት ይሆናል፤ በአንጻሩ በአገር ቤት የሚከፈል ኪራይና የትምህርት ክፍያ በብር መዘጋጀት አለበት። ሦስተኛው፣ ውሉ ይራዘም የሚል ጥያቄ ቢመጣ ማን ይወስናል? «ሁለት ዓመት» የተባለው ቆይታ ወደ አራት የሚያድገው ብዙ ጊዜ በአንድ ፊርማ ነው። ተከታዩ የሥራ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን የያዘ ደብዳቤ ካለው፣ ያ ቀን የማራዘሙ ውይይት መነሻ ይሆናል፤ ከሌለው ግን ለክርክሩ የሚያቀርበው ነገር አይኖረውም።

7. የጊዜ ቅደም ተከተል

ሥራዎቹን በጊዜ ከፋፍሎ መያዝ ድካሙን ያቀላል። ከመነሻው ስድስት ወር በፊት የፓስፖርት ዘመን ይታያል፤ ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይጠይቃሉና። በዚሁ ጊዜ የጋብቻና የልደት ምዝገባ ይጠናቀቃል፣ የቋንቋ ትምህርት ይጀመራል፣ ለአሠሪ የፈቃድ ጥያቄ ይቀርባል። ከሦስት ወር በፊት የትምህርት ማስረጃዎች ይረጋገጣሉ፣ ሰነዶች ይተረጎማሉ፣ የልጆች የክትባት ካርድና የትምህርት ውጤት ከየተቋማቱ ይወሰዳል። ከአንድ ወር በፊት ውክልና ይፈጸማል፣ የእድርና የዕቁብ ጉዳይ ይዘጋል፣ የሥራ ርክክብ ይደረጋል። በመጨረሻው ሳምንት ዋና ሰነዶች በእጅ ሻንጣ፣ ቅጂዎቻቸው ደግሞ በታመነ ዘመድ ዘንድ ይቀመጣሉ። ዋናውን ሰነድ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ ሊወገድ የሚገባ ስሕተት ነው።

ማጠቃለያ

ይህ ጽሑፍ የትዳር ጓደኛን ሥራ ተከትሎ መሄድ ጉዳት ነው ለማለት አይደለም። አብሮ መኖር ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለልጆችም፣ ለትዳሩም። ለማሳየት የተሞከረው፣ ጥቅሙ በአንዱ ወገን ጸጥተኛ ኪሳራ እንዳይገዛ ሕጉ ራሱ ጥቂት በሮችን ክፍት መተዉን ነው። በሮቹ ግን ከመሄድ በፊት የሚከፈቱ ናቸው፤ ከተሄደ በኋላ አብዛኞቹ ይዘጋሉ።

የአቅራቢዋ ጥያቄ ሁለት ጊዜ «አይቻልም» ተብሎ በሦስተኛው ተቀባይነት አግኝቷል። የተፈቀደው ሁለት ዓመት ሳይሆን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ለቀሪው ስድስት ወር ከባለቤቴ ጋር የደረስንበት ስምምነት፣ እኔ ቀድሜ ተመልሼ ሥራዬን እንድይዝ፣ እርሱም ውሉን ጨርሶ እንዲከተለኝ ነው። ይህ በሁሉም ቤት የሚሠራ መፍትሔ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ቀን ባዶ የተተወበት የመልቀቂያ ደብዳቤ ፈንታ ቀን የተጻፈበት የፈቃድ ደብዳቤ በማኅደሬ አለ። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መቼ ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።